ክብሪት ለፕሮፌሰሩ

ነገርን ነገር ያነሣዋል ይባላል፤ እኔን ወደ ኋላ የመለሰኝ ግን የክብሪት ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ፣ ዘወትር ከምቀመጥበት ኬክ ቤት በረንዳ ላይ ሆኜ፣ ዋጋው በየወሩ የሚጨምረውን፣ ስኒው በየወሩ የሚያንሰውን ማኪያቶዬን ስጠጣ፣ ከባጃጆቹ ማቆሚያ በኩል ጩኸት ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ወድቋል። ካፖርቱ ያማረ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ከረባቱ እስከ አንገቱ የተሳበ ሽማግሌ፣ እጅና እግሩ እየተንዘፈዘፈ፣ አፉ አረፋ ይዞ ተዘርግቷል። «አትንኩት! አትንኩት!» ይላል አንዱ። «ክብሪት! ኧረ ክብሪት አምጡ!» ይላል ሌላው። ክብሪት መጣ፤ ተጫረ፤ እፍ ተብሎ ጠፋና ጭሱ ወደ አፍንጫው ተጠጋ። አልነቃ ሲል ሌላ ተጫረ። በሽታ ለጣለው ሰው ክብሪት ማሽተት በእኛ አገር ከአባት ከእናት የመጣ ሕግ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «ጭሱ ምንም አይፈይድም፣ በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱን አላሉለት» ስል ኖሬ አንድ ሰው አላሳመንሁም። ተነሥቼ ሄድሁ፤ ሰዉን በቦርሳዬ ገፋ ገፋ አድርጌ አጠገቡ ተንበረከክሁ፣ ከረባቱን ፈታሁ፣ በጎኑ አዞርሁት። ፊቱ ወደ እኔ ሲዞር ዐወቅሁት። ፕሮፌሰር ዓለምሰገድ ነው። የጎንደርን ሰው ራስ ቅል ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረው፣ ስለሚጥል በሽታ በጻፈው ጽሑፍ ባሕር ማዶ የተጨበጨበለት ያ ሊቅ፣ ፒያሳ መሬት ላይ ተዘርግቶ የባጃጅ ሾፌር ክብሪት ያሸትተዋል። ሳቄ መጣ ብል ሰው ይታዘበኛል። ይታዘበኝ፤ ሳቄ መጣ።

ሲነቃ ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። መጀመሪያ አላወቀኝም፤ ሲያውቀኝ ደነገጠ። «ስኳሬ ወርዶ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ቁርስ ሳልቀምስ ወጥቼ ነው።» አንዱ ለስላሳ ገዝቶ ሮጦ መጣ፣ ሌላው ደግፎ ባጃጅ ውስጥ አስገባው፣ ሰዉም «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለ ተበተነ። እኔ የተቃጠለ የክብሪት እንጨት መካከል ቆሜ ቀረሁ። ስኳር! ድንቄም ስኳር! ሽታው ግን አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ፤ ማኪያቶዬም ቀዝቅዞ ጠበቀኝ፣ አልጠጣሁትም።

ለማያውቀኝ፣ ሲስተር አልጋነሽ እባላለሁ። የዛሬ ነርሶች ሲስተር ሲባሉ ከስልካቸው ቀና አይሉም፤ በእኛ ጊዜ ሲስተር ማለት ሲስተር ነበር። ነጭ ቀሚሳችን በስታርች ደርቆ ያለ ሰው የሚቆም ይመስል ነበር። ነጭ ታኮ ጫማችን ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ በሽተኛው ብርድ ልብሱን ያስተካክላል፣ አስታማሚው ዳቦውን ከትራስ ሥር ይሸሽጋል። ዛሬ ሐኪሙም ነርሱም የጽዳት ሠራተኛውም አንድ ዓይነት ፒጃማ ለብሰው ይውላሉ፤ ማን ማንን እንደሚያዝ አይታወቅም፣ የሚያዝም ያለ አይመስለኝም። ፒያሳም ያን ጊዜ ፒያሳ ነበረች። ሻይ በስሙኒ፣ ማኪያቶ በሽልንግ። ከካሴት ቤቱ የሚወጣው ትዝታ እስከ ሲኒማው ደጃፍ ይከተልሻል፤ በፎቶ ቤቱ መስኮት የሙሽሮች ፎቶግራፍ ተደርድሮ፣ አምና ያገባ ዘንድሮ ያገባውን ያማል። ባጃጅ የሚባል ጉድ አልነበረም፤ በእግር ነው፣ ቢበዛ በጋሪ። ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉራችንን ተተኩሰን፣ ቦርሳችንን ክንዳችን ላይ አንጠልጥለን፣ ከፖስታ ቤቱ እስከ ኬክ ቤቱ ስንመላለስ የሚያየን ሁሉ የት እንደምንሠራ ያውቅ ነበር። አንድ መንግሥት ሄዶ ሌላው መጥቶ ነበር፤ የቱ ሄዶ የቱ እንደመጣ ለሚያጠኑት ልተወው። እኔ የማስታውሰው ጫማዬን ነው፤ እንደዚያ ያለ ጫማ ዛሬ በስንት ብር ይገኛል?

ዓለምሰገድ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ የቄስ ልጅ። ቤታቸው ከቤታችን በታች ነበር፣ በልጅነቱ አፍንጫውን ጠርጌለታለሁ። ባሕር ማዶ ዓመታት ቆይቶ የአንጎል ሐኪም ሆኖ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ ሊያየው ወጣ። ክረምት ከበጋ የማይወልቅ ቡናማ ካፖርት ነበረው፤ አማርኛው መካከል ፈረንጅኛው እንደ ምስር ጠጠር ጥርስ ይሰብራል። ሰላምታ ስትሰጪው ቀድሞ ሰዓቱን ያያል። ከእሱ ጋር አንድ ረዥም ፈረንጅ መጣ፤ በብረት ሣጥን የሚያስቀምጠው፣ በእጅ እየዞረ ራስ ቅል የሚሰረስር መሣሪያ ነበረው። ያን ጊዜ የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ ማሽን እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ የነበረን ራጅ ብቻ ነው። ፈረንጁ ወጣት ሐኪሞችን የሚያለማምደው ከሥጋ ቤት በሚመጣ የበግ ራስ ላይ ነበር። ሁዳዴ ገባና ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘጋ። ፈረንጁ «ሳይንስ እንዴት በጾም ይቆማል?» ብሎ ተቆጣ፤ ዓለምሰገድም አብሮት ተቆጣ። አስቡት፣ የቄስ ልጅ በሁዳዴ የበግ ራስ ጠፋ ብሎ ሲቆጣ! አባቱ ይህን ሳይሰሙ ማረፋቸው ደግ ሆነ።

ጥናታቸው እንዲህ ነበር። በልጅነቱ ድንጋይ ወይም ዱላ ራሱን የመታው፣ አጥንቱ ወደ ውስጥ የገባ፣ ከዚያ ወዲህ በሽታ የሚጥለው ሰው ይፈልጋሉ። ራሱን ከፍተው አንጎሉን የሚጫነውን አጥንት ያነሣሉ። ሲሽር በሽታውን የሚያስታግሰውን ክኒን ቀስ በቀስ ቀንሰው ያቆሙና፣ ኦፕራሲዮኑ ብቻውን ማዳን አለማዳኑን ያያሉ። ሐሳቡ የሞኝ አልነበረም፤ ለጠላሁት ሰው ብዬ አልዋሽም። በዱላና በድንጋይ በሚጫወት አገር እንዲህ ያለ በሽተኛ ሞልቷል፤ ከጠዳም ከዛሪማም እየመጣ በራችን ላይ ይሰለፍ ነበር። ዓለምሰገድ በየጠዋቱ በሽተኞቹን ሰብስቦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ምንም ሳትደብቁ ንገሩን» እያለ ይሰብካቸዋል። ይህቺን ተረት ከአፉ ስሰማ ሁልጊዜ ጥርሴን ነው የምነክሰው።

ከነዚያ በሽተኞች አንዷ ትርንጎ ናት። አባቷ አያ ፈንቴ ከዳባት በላይ ካለ የገብስ አገር ይዘዋት መጡ። ለጋብቻ የደረሰች፣ ጠይም፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ሕፃን ሳለች ከአፋፍ የተንከባለለ ድንጋይ መትቷት ከጆሮዋ በላይ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ነበራት፤ ሹሩባዋን እዚያ ላይ አዙራ ስለምትሠራው አይታይም። ከዚያ ወዲህ በሽታው በወር በሁለት ወር ይጥላታል። ለኦፕራሲዮኑ ልላጫት ምላጭ ይዤ ስመጣ አያ ፈንቴ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ምነው ጠጉሯን?»

«ካልተላጨ አይከፈትም፣ አያ።»

«ይኸማ ሰው ያየዋል!»

ራስ ቅሏ መከፈቱ አላስጨነቃቸውም፤ የጨነቃቸው ሰው ማየቱ ነው። ትርንጎ ግን ራሷን ዘንበል አድርጋ ሰጠችኝ። «ላጩኝ፣ ሲስተር። ይበቅል የለ» አለች። ኦፕራሲዮኑ ሠመረ። የዓለምሰገድ እጅ ሸጋ እጅ ነበር፤ ይህንንም አልክድም። ክኒኗን እየዋጠች ዋርድ በቆየችበት ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን አልጣላትም። ከሰዓት ከሰዓት በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ ከዘበኛው ሬዲዮ የሰማችውን ዘፈን ለብቻዋ ታንጎራጉራለች። ስለ ፎቶ ቤቱ መስኮት ነግሬአት ነበርና «ጠጉሬ ሲያድግ እኔም እነሣለሁ፤ አንቱ ይወስዱኛል» ትለኛለች። እኔም እሺ እላለሁ። የዋርዱ ሰው ሁሉ ይወዳት ነበር።

ክኒኗ ከቆመ ወራት አልፎ የጥናቱ ማኪና በሽተኞቹን በየአገራቸው ለማየት ወጣ። ዓለምሰገድ ሊጠይቅ፣ ፈረንጁ ሊጽፍ፣ እኔ ጠባሳ ልመለከት። ሾፌሩ ካሴቱን እያገላበጠ ያጫውታል፤ ፈረንጁ ፊት ተቀምጦ በየመታጠፊያው ፎቶ ያነሣል፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ብርዱ በመስኮቱ እየገባ ጉልበት ይቆርጣል። ዓለምሰገድ ካፖርቱን ከፍቶ ግማሹን እንኳ አላለበሰኝም። ከአያ ፈንቴ ደጃፍ ስንደርስ ገና ከማኪናው ሳንወርድ አገሩ ተሰበሰበ። ቁርበት ተነጠፈ፣ ጠላ በዋንጫ ቀረበ፣ ለፈረንጁ ማር መጣለት። አንዲት ጎረቤት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ ከዋርካው ሥር የተቀመጡ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎችን በአገጯ አሳየችኝ። «እኒያ ናቸው፣ ትርንጎን ለልጃቸው የጠየቁ። ዶክተሩ ምን እንደሚል ሊሰሙ ነው የመጡ» አለችኝ። ዓለምሰገድ አጠገቤ ነበር፤ ሰምቷል። መስማቱንም ዐይቻለሁ፣ ምክንያቱም ዞሮ አያቸው።

ከዚያ ተነሥቶ፣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ «አያ ፈንቴ፣ ትርንጎን አሁንም በሽታው ይጥላታል?» ብሎ ጠየቀ። እግዚኦ! ፈረንጁ እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ ባገሩ ለጠየቀው ሁሉ የሆነውን የሚናገር ሰው ይኖር ይሆናል። የጎንደር ልጅ ግን! በእኛ አገር እንዴት ነህ ሲባል ታምሜያለሁ የሚል ማን ነው? ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች ሰው እንኳ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሕመሙን የሚያወጋው እንግዳው ቁጭ ብሎ፣ እህል ቀምሶ፣ ሰው ተበትኖ፣ ሁለት ብቻ ሲቀሩ ነው። ደግሞ አገር አቋርጦ የመጣን ሐኪም ፊት ለፊት እጅህ አልሠራም ማለት እንዴት ያለ ነውር ነው! በዚያ ላይ አማቾች ከዋርካ ሥር ተቀምጠው! ይህን ለማወቅ ባሕር ማዶ መማር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው እናት ብቻ ነው፤ እሱም እናት ነበረው።

«ኧረ ሸጋ ናት! ምን ሁናስ!» አሉ አያ ፈንቴ። «ድናለች። እጅዎ ይባረክ። ተመስገን!»

«ተመስገን!» አለ አገሩ።

«ድናለች!» ብሎ ደገመው ዓለምሰገድ፣ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ። ለፈረንጁም ተረጎመለት፤ ፈረንጁም ጻፈ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዋርካው ሥር ያሉት ጋቢያቸውን አስተካክለው እርስ በርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚያ እልልታ መካከል ጠባሳዋን ልመለከት ትርንጎን ወደ ጓዳ ይዣት ገባሁ። ሻሿን አወረደች። ጠጉሯ በቅሏል፣ ቁስሉ ሸጋ ሆኖ ሽሯል። ሻሿን መልሳ ልታስር እጇን ስታነሣ እጅጌዋ ተሰበሰበና ክንዷ ላይ አዲስ የእሳት ቁስል አየሁ። ከክርኗ እስከ መዳፏ ነው፤ ቅቤ ተቀብቷል።

«ትርንጎ፣ ምንድን ነው ይህ?»

ሻሿን ማሰር ቀጠለች።

«እሳት ላይ ጥሎሽ ነው?»

ወደ በሩ ዐየች። ከዚያ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች። «ሲስተር፣ ክኒኗን ስጡኝ» አለችኝ። «ሰው ሳያይ።»

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ሰጠኋት። መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው፣ እጅጌዋን ወደ ታች ስባ፣ ፈገግ ብላ ወጣች። ውጪ ያለው ሰው ሙሽራ ያየ ይመስል ዳግመኛ እልል አለላት።

ስንመለስ ፈረንጁ እንቅልፍ ወስዶታል። ነገሩን ለዓለምሰገድ ነገርሁት፤ ቁስሉንም፣ ክኒን መለመኗንም። አልደነገጠም። ይህን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላልሁት፤ አልደነገጠም። «አባቷ ድናለች ብለዋል» አለኝ። «እኔ የምይዘው የተነገረኝን ነው።»

«ቁስሉን ዐይቻለሁ እኮ እልሃለሁ!»

«ማንም ሰው እሳት ይነካዋል። እሷ ራሷ ወጥታ ለምን አልተናገረችም?»

«አማቾቿ ፊት? አንተ ዓለምሰገድ፣ አታውቅም?»

በመስኮቱ ወደ ውጪ ዐየ። «ሲስተር፣ ሳይንስ በሹክሹክታ አይሠራም» አለኝ። «ከጥናቱ ውጪ ክኒን ብትሰጪያት ደግሞ ሁሉንም ታበላሺብናለሽ።» ዐወቀ እኮ! ከእኔ በላይ ዐውቋል። የጠየቀው የሚፈልገው መልስ እንዲመጣለት ነው፤ ሌሎቹንም በሽተኞች በየደጃፋቸው፣ በየጎረቤታቸው ፊት እንዲሁ ነው የጠየቃቸው፤ ሁሉም ተመስገን አሉት። ሾፌሩ ካሴቱን ሲያገላብጥ «ዝጋው» አልሁት።

ጎንደር ስመለስ ወዲያና ወዲህ ብዬ ክኒን አገኘሁ። አያ ፈንቴ ለጉዳያቸው ከተማ ሲወርዱ ጠብቄ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ይዣቸው ልሰጣቸው ብል እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰበሰቡ።

«ምን ይሆነኛል ይህ?»

«ለትርንጎ ነው፣ አያ። ይጥላታል፤ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም ዐውቃለሁ።»

«ትልቁ ዶክተር ድናለች ብሏል እኮ። አገር ሰምቷል» አሉ። ግራ ቀኝ ዐዩ። «ድግሱ ተደግሷል፣ ሲስተር። አማቾቿ ይኸን ቢያዩ ምን እላለሁ?» አዝኜላቸው ነበር ብል ውሸት ነው፤ ተናደድሁባቸው። «ልጅ ከሚሞት ሰው ይይ!» አልሁ፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ጮኼ። እሳቸው ግን ሰው ዞሮ እንዳያያቸው ብቻ ፈሩና ተጣድፈው ሄዱ። ክኒኑ እጄ ላይ ቀረ።

ትርንጎ ተዳረች። ከፋሲካ ወዲህ አያ ፈንቴ እንደገና መጡ፤ ፊታቸው ተቀይሯል። ለዓለምሰገድ ማር ይዘውለት ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነው የነገሩት። «ትርንጎን ውኃ ወሰዳት» አሉ። «እንስራዋን ልትሞላ ወርዳ ነው።» ዓለምሰገድ «ነፍስ ይማር፤ ያሳዝናል» አለና ማሩን ተቀብሎ ሄደ። ውኃ ወሰዳት! በበጋ! ያ ወንዝ በበጋ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፤ እኔው በታኮ ጫማዬ ተሻግሬዋለሁ። በሽታው ጥሏት፣ በፊቷ ተደፍታ፣ ሰው ሳያያት ነው የሞተችው። ጥናቱ ግን ውኃ እንጂ በሽታ አልገደላትም ብሎ ከዳኑት ጋር ቆጠራት። አያ ፈንቴ ሲወጡ ክንዴን ያዙኝ፤ አንድ ነገር ሊሉኝ ፈልገው ነበር፣ አልወጣላቸውም። እኔም አልረዳኋቸውም።

ጽሑፉ ወጣ፣ ዓለምሰገድ ፕሮፌሰር ሆነ፣ በየአገሩ እየተጠራ ተናገረ። ሠላሳ ዓመት አለፈው ይሆናል። ካሴት ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ የፎቶ ቤቱ መስኮት ባንክ ሆኖ ጥቁር መስተዋት ተለጥፎበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ሳልፍ አሁንም ወደዚያ መስተዋት ዐያለሁ፤ የሚታየኝ የራሴ ሽበት ነው። ትርንጎ ፎቶ ሳትነሣ ቀረች።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ ዓለምሰገድን ልጠይቀው ሄድሁ። ብጠላውም የታመመ ሰው አለመጠየቅ አስተዳደጌ አይደለም፤ ብርቱካን ገዝቼ፣ ሻሼን አስተካክዬ ሄድሁ። ሳሎኑ ጠያቂ ሞልቶታል። ያስተማራቸው ሐኪሞች በየወንበሩ ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ የተሸለመው ሁሉ በመስተዋት ተሰቅሏል፤ እሱ ጋቢ ለብሶ መካከል ላይ ተቀምጧል። የገባ ሁሉ እንዴት ነዎት ሲለው «ስኳር ነው፣ ቀላል ነው። ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ ሳሎኑም «ተመስገን» ይላል። ሲናገር ግን ምላሱ ተሳስሮበታል፤ የተነከሰ፣ ያበጠ ምላስ ሲናገር እንዴት እንደሚሆን ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ። ብርቱካኔን አስቀምጬ ሳልቀመጥ «ዓለምሰገድ፣ እስቲ ምላስህን አሳየን» አልሁት።

አንዲት ሴትዮ አማተበች። እሱ ሳቀ፤ ሳቁ ከንፈሩን አላለፈም። «ሲስተር፣ ዛሬም አልተውሽኝም?»

አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት ሐኪም፣ ጫማው ሹል፣ ጺሙ በመስመር የተላጨ፣ ታዘበኝ። «ስኳር ነው፣ እማማ» አለኝ። «ፕሮፌሰር ራሳቸው ነግረውናል።»

«መቼም የምትይዙት የተነገራችሁን ነው» አልሁት። «ያስተማራችሁን ዐውቀዋለሁ።» ዓለምሰገድ ዓይኑን ከእኔ ወደ ጋቢው ጥለት መለሰ። ሁሉም እንደገና ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ።

ሚስቱ እታገኝ ልትሸኘኝ እስከ በሩ ወጣች። ደግ ሴት ናት፣ ከእኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ እሱን ማግባቷ ብቻ ነው ጥፋቷ። ውስጤ ግን ገና እየነደደ ነበርና መርዜን በሷ ላይ ተፋሁት። «እታገኝ፣ እንግዲህ ክብሪት ከቤትሽ አይጥፋ» አልኋት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ወደ ኋላ ዞራ ሳሎኑን ዐየች፤ ከዚያ እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችና የክብሪት ቀፎ አወጣች። ጎኑ ከመጫር ብዛት ተልጦ ወረቀቱ ነጥቷል። ውስጡ የቀረው ጥቂት እንጨት ነው።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኋት።

«ቆይቷል፣ ሲስተር። ለእኔም ስኳር ነው የሚለኝ። ፋርማሲ እንዳልሄድ፣ እሱን የማያውቅ ሰው የለም።» ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች። «ክኒኑን እርስዎ ያገኙልኛል? ሰው ሳያይ።»

ያ የገብስ አገር ጓዳ፣ ያ ቅቤ የተቀባ ክንድ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ንዴቴ አልጠፋም፤ ግን በሷ ላይ መሆኑ ቀረ። ቀፎውን ከእጇ ወስጄ ዘጋሁና መልሼ ኪሷ ውስጥ ከተትሁላት።

«ነገ ጠዋት ሆስፒታል ካርድ እናወጣለታለን» አልኋት። «እኔና አንቺ መካከላችን አድርገነው፣ በዋናው በር ገብተን፣ ከዳባትና ከዛሪማ የመጣው ሰው በሚሰለፍበት ሰልፍ ቆመን። በሽታው ሲጠየቅ በአፉ ይናገራል። እምቢ ካለ እኔ እናገርለታለሁ።»

እታገኝ ክንዴን ያዘች። «ሲስተር፣ ሰው ያየናል እኮ!»

«ይየን» አልኋት።